ቅቤው ከወጣ በኋላ፦ አይብ፣ እርጎና ቅጠላ ቅጠል በልጆች ማዕድ



እንደ ራቤል ባሉ የመንዝና የጊሼ ደጋዎች ላም ያለችው እናት ወተቱን አርግታ ትንጣለች። ቅቤው ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብም ለጨው፣ ለደብተርና ለልብስ ይውላል። የቀረው አሬራ በእሳት ሲሞቅ አይብና አጓት ይሆንና ለልጆች ይቀርባል። በዚህ ማንም እናትን ሊወቅስ አይገባም። ነገር ግን ከቅቤው ጋር ከቤት የሚወጣው ምን እንደሆነ ማወቅ ለአሳዳጊም ለለጋሽም ይጠቅማል።

አይብ ከክብደቱ ወደ 79 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው፤ 14.7 በመቶው ፕሮቲን ሲሆን ስቡ ግን 1.8 በመቶ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ ማለትም 40 ግራም ያህል የበላ ሕፃን 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያገኛል። ለሚያድግ አካል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጎደለው ስቡና በስቡ ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ነው።

የቫይታሚን ኤ እጥረት በልጆች ላይ ዳፍንት ያመጣል፤ ሲብስም ብርሃንን እስከማሳጣት ይደርሳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅምንም ያዳክማል። «ጎመን እናበላቸዋለንኮ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን በጎመን ውስጥ በብዛት ይገኛል። ይሁን እንጂ ቤታ ካሮቲን በውኃ አይሟሟም፤ በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚያልፈው ከስብ ጋር ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ለተመሳሳይ ሰዎች ሰላጣ በሦስት ዓይነት ማባያ አቅርቦ ነበር፦ ስብ በሌለበት፣ 6 ግራም ዘይት ባለበትና 28 ግራም ዘይት ባለበት። ስብ የሌለውን ሲበሉ ካሮቲኑ በደማቸው ውስጥ ከምንም የማይቆጠር ሆነ፤ ዘይቱ ሲጨመር ግን አብሮ ጨመረ። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ነገሩ የታወቀውን የሰውነት አሠራር የሚያረጋግጥ ነው። አያቶቻችን ጎመንን በቅቤ ለውሰው፣ አይብ ጨምረው ማቅረባቸው ለጣዕም ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ በከተማ ሱፐርማርኬቶች በጠርሙስ የሚሸጠው ነጭ ማባያስ? አንድ ሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ 10 ግራም ያህል ስብና ከ90 እስከ 100 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲኑ ግን ከምንም አይቆጠርም። ስቡን ይሰጣል፤ ወተቱን አይተካም። ቅቤው ካልወጣለት ወተት የተሠራ 100 ግራም እርጎ ወደ 60 ካሎሪ፣ 3.5 ግራም ፕሮቲን፣ 3 ግራም ያህል ስብና 120 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ይዟል። በጸሐፊው አስተያየት ዋጋውንና ጥቅሙን ላመዛዘነ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። በተጨማሪም የአገራችን አይብ የሚረጋው በራሱ ኮምጣጣነትና በሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ በውጭ አገር አይቦች ላይ የሚነሳው ከእንስሳ ጨጓራ የሚወጣ ማርጊያ ጥያቄ አይመለከተውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴሎሲስ ተሕዋስያንን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መርጋቱም ብቻውን አያጠፋቸውም። ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማርጋት ነው። በረጋው አንድ ኩባያ እርጎ ላይ የተከተፈ በሶብላ ወይም የድንብላል ቅጠል፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ሎሚና አዮዲን ያለው ጨው ይጨመራል። በእርጎው ፈንታ አሬራ ወይም አይብ ከሆነ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ይጨመርበትና በደንብ ይመታል። ይህ ለሦስትና ለአራት ልጆች ጎመን ወይም ሰላጣ ይበቃል። ለደጋው ሰው ደግሞ ጦስኝ ከደጁ አይርቅም፤ በጓሳ ሜዳ ላይ ሳይዘሩት ይበቅላልና።

ቅጠሎቹ በዚህ መጠን ብዙ ቫይታሚን ይሰጣሉ ማለት ግን ማጋነን ይሆናል። ዋና ሥራቸው መዓዛ ነው፤ ጎመን አልበላም የሚለውን ልጅ ያባብላሉ። ጤና አዳም አንድ ቀንበጥ ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡሮች ግን ባይጠቀሙበት ይሻላል።

የቲም ለሚያሳድግ ቤት እህል የሚሸምቱ ለጋሾችም ከእህሉ ጋር አንድ ሊትር ዘይት ቢጨምሩ ያቺ እናት ቅቤዋን ለመሸጥ ብትገደድ እንኳ የልጆቹ ጎመን ያለ ስብ አይቀርም። ዘይቱ ከፀሐይ ርቆና ተከድኖ ይቀመጥ፤ የተዘጋጀው ማባያ ደግሞ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለዕለቱ ብቻ ይሠራ።