ላፕቶፓችን እንዲፈጥን መከላከያውን እናጥፋ?



ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ዘገምተኛነቱ ያማርረናል። «የፕሮሰሰሩን መከላከያ አጥፉት፣ ይፈጥናል» የሚል ምክርም እንሰማለን። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር ጊዜ ላለማባከን ቀጥሎ የሚታዘዘውን ገምቶ አስቀድሞ ይሠራል። ግምቱ ከተሳሳተ የሠራውን ይሰርዛል። የተሰረዘው ሥራ ግን ካሽ በሚባለው የፕሮሰሰሩ ፈጣን ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ዱካ ይተዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ተመራማሪዎች ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ ክፍተቶችን ይፋ አደረጉ። ተንኮለኛ ፕሮግራም ዱካውን ተከትሎ ማየት የማይገባውን፣ የይለፍ ቃልን ጭምር፣ ሊያነብ እንደሚችል ታወቀ። ሜልትዳውን በዋናነት የኢንቴልን ፕሮሰሰሮች ሲነካ፣ ስፔክተር የኤኤምዲንና የኤአርኤምንም ይነካል።

ዊንዶውስና ሊኑክስ በአፕዴት መከላከያ አበጁ። መከላከያው ግን ፕሮግራሞች የስርዓተ ክወናውን አገልግሎት በጠየቁ ቁጥር ሥራ ይጨምራል። ስለዚህ ፋይል ደጋግሞ ማንበብና መጻፍን የመሰለው ይዘገያል፤ ንጹሕ ስሌት ብዙም አይነካም። ማይክሮሶፍት በወቅቱ እንደገለጸው መዘግየቱ ጎልቶ የሚታየው በ2015 አካባቢና ከዚያ በፊት በተሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ነው።

ታዲያ እናጥፋው? ከኢንተርኔት ያልተገናኘ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚጠቀምበት፣ ምስጢር የሌለበት ማሽን ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው። ብራውዘር የምንከፍትበት ከሆነ ግን ከድረ ገጾች የሚመጣው ኮድ የሚሠራው በእኛው ፕሮሰሰር ላይ ነው። ብራውዘሮች የራሳቸው መከላከያ ቢኖራቸውም በእሱ ብቻ መተማመን አይበጅም። ላፕቶፑን ከዶርም ጓደኞቻችን ጋር የምንጋራ ከሆነማ የእነሱ የባንክና የኢሜይል ምስጢር በእጃችን ያለ አማና ነው። በእኛ ችኮላ ልናጋልጠው አይገባም።

አስቀድመን ሌላውን እንሞክር። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር፣ ራም መጨመር፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን መቀነስ ብዙ ጊዜ የተሻለ ለውጥ ያመጣሉ። መከላከያውን ለማጥፋት ከወሰንንም የምንሠራውን ሥራ ከማጥፋታችን በፊትና በኋላ በሰዓት እንለካ። ልዩነቱ ካልታየን መልሰን እናብራው።