ጉትቻዋን በጋ ማሻገር

ፉሺያ የምትባለውን አበባ ብዙዎቻችን የምናውቃት በስሟ ሳይሆን በመልኳ ነው። ከቅርንጫፏ ቁልቁል ትንጠለጠላለች፤ ላይዋ ቀይ ወይም ሮዝ፣ ውስጧ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሰ ይመስላል። ውጫሌ ያለችው እናቴ «ጉትቻ» ነው የምትላት። ስፓኒሽ ተናጋሪዎችም «የንግሥቲቱ ጉትቻ» እንደሚሏት ስነግራት «ታዲያ ምን ሊሏት ኖሯል?» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ስለ አያያዟ ከሚጻፈው ምክር አብዛኛው የአውሮፓ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ይጀምራል። «ከክረምት ጠብቋት» ይላል። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው። የእኛ ክረምት ግን ለፉሺያ ሠርጓ ነው። አብዛኛው ዘሯ የመጣው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ቀዝቃዛ፣ ጭጋጋማ ተራሮች ስለሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አገሯ የገባች ይመስላታል። የሚፈትናት በጋው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ከአምባሰል ተራሮች ቁሩ ይወርዳል፣ ነፋሱ አፈሩን ይመጠዋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ነው እንጂ ለአበባ የሚሆን አጥንት ማንም አላሰበም።

ስሟን የሰጣት ፈረንሳዊው መነኩሴ ሻርል ፕሉሚዬ ነው። በካሪቢያን ደሴት ያገኛትን ተክል እ.ኤ.አ. በ1703 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በጀርመናዊው ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ በሌዎንሃርት ፉክስ ስም ጠራት። ፉክስ እ.ኤ.አ. በ1566 ስለሞተ አበባዋን አንድ ቀን እንኳ አላያትም። ውጫሌንም ቢሆን ብዙ ሰው የሚያውቃት በ1881 ዓ.ም. ውልና በአንቀጽ 17 ነው፤ ከተማዋን ያየ ስንቱ ነው?

ወደ እናቴ ግቢ ልመለስ። ጉትቻዋን ከአዲስ አበባ በላስቲክ ጠቅልላ ያመጣቻት ታናሽ እህቴ ናት። ጊዜው ወደ ቤይሩት ልትሄድ ስትሰናዳ ነበር። ልጇንም አበባዋንም ለእናቴ ትታ ሄደች። በስልክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ልጁ ነው፤ ቀጥሎ «ጉትቻዋስ አለች?» ትላለች። ስለዚህ በእኛ ቤት ይህች ተክል እንዲሁ አበባ ብቻ አይደለችም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲደርስ እናቴ ልጁን ይዛ ወጣች። በቀለም ባልዲ ተተክላ የነበረችው ጉትቻ እዚያው በረንዳው ላይ ቀረች። ውሃ የሚያጠጣትም የሚያለብሳትም አልነበረም። ታኅሣሥ ውስጥ ሲመለሱ ቅጠሏ ረግፎ፣ ግንዷ የደረቀ ጭራሮ መስሎ ቆያቸው። ለማገዶ ሊሰብራት የመጣ ዘመድ ነበረ። እናቴ ግን በጥፍሯ ልጡን ፋቅ አደረገችው። ላዩ ደረቅ ነው። ዝቅ ብላ ከአፈሩ አጠገብ ፋቀችው፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። በዚያው ቀን ስልክ ሲደወል «አለች ልጄ፣ ተኝታ ነው» አለቻት። እውነቷን ነበር፤ የካቲት መጨረሻ ላይ ከሥሯ አቆጠቆጠች።

ይህ ተአምር አይደለም። ፉሺያ ላይዋ ቢሞት ሥሯ እስካልቀዘቀዘና ጨርሶ እስካልደረቀ ድረስ መልሳ ማቆጥቆጥ ትችላለች። አውሮፓውያንም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከነማሰሮዋ ውርጭ ወደማይገባበት ምድር ቤት ያስገቧታል፤ አምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይበቃታል። ውሃዋን ይቀንሱና እንቅልፍ ያስይዟታል። እኛ ምድር ቤት የለንም፣ እንቅልፉንም ያን ያህል ማክበድ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው መጀመሪያ ቦታ ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል፣ የቤቱ ሰሜን ጎን ቀኑን ሙሉ ብርሃን ያለው ጥላ ይሆናል። ጉትቻዋ ከጥቅምት ጀምሮ እዚያ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ትቀመጣለች። ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ ባልዲውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ግድግዳ ማስጠጋት ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ደጋ ላይ ያላችሁ፣ ውርጩ ስለሚበረታባችሁ፣ ማታ ወደ ቤት ብታስገቧት ይሻላል። ካልሆነም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኗት፤ ከረጢቱ ቅጠሏን እንዳይነካ ሦስት ዱላ ዙሪያዋን ትከሉ። ውርጭ ያገኘውን ቅጠል የጧት ፀሐይ በድንገት ሲመታው ጉዳቱ ይብሳል፤ ምሥራቅ የሚያየው በር ደጃፍ ለእሷ አይሆንም። በእኛ ቤት ማልበሱ የእህቴ ልጅ ሥራ ነው። ከእራት በፊት ያለብሳታል፣ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ይገልጥላታል።

ውሃው ነው የሚከብደው። በበጋ በጀሪካን እየተቀዳ ለሚመጣ ውሃ አበባን ከሰው እኩል ማሰለፍ ነውር ነው የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እናቴ የምታጠጣት የስኒ እጣቢና ሳሙና ያልነካው አትክልት የታጠበበት ውሃ ነው። በየቀኑ አይደለም፤ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰድና ደረቅ ሲሆን ብቻ። በእኩለ ቀን ቅጠሏ ጠውልጎ አፈሯ ግን እርጥብ ከሆነ፣ የጎዳት ሙቀት ነው ወይም ሥሯ መበስበስ ጀምሯል። ያኔ ውሃ መጨመር መግደል ነው፤ ወደ ጥላ ማሸሽ ነው ያለባችሁ። የባልዲው ታች ቀዳዳ ከሌለው ከዚህ በላይ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው።

ደረቅ አየር ነጭ ዝንብና ቀይ ሸረሪት ያመጣባታል። ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን ለስላሳ የሳሙና ውሃ በነከረ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ሕፃን ላለበት ቤት ደግሞ አታሰጋም። ጥቁር ሐምራዊ ፍሬዋ ይበላል፤ ጣዕሙ ግን እንደ ዝርያው ይለያያል፣ የኛዋ እንኳ ብዙም አይደለች። አጥር ሥር ከሚበቅለው ከጉሎ ፍሬ ጋር አታወዳድሯት፤ ልጆችን ከዚያ ነው መጠበቅ።

ወሎ በልግ አለው፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ቁሩ ሲሰበር፣ እናቴ መቀስ ታነሣና ቅርንጫፎቿን ከግማሽ በላይ ታሳጥራቸዋለች። ሲያዩት ያሳዝናል። ግን ፉሺያ የምታብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አሮጌውን የሳሱላት አበባ ይነፈጋሉ። ከዚያ የበሰለ ፍግና የወንዝ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ይጨመርላታል፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ትነቃለች። ቀንበጡ ሦስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን በጥፍር ቀንጥቡት፤ ሁለት ሆኖ ያድጋል። ከመጨረሻው ቅንጠባ በኋላ አበባ ለማየት ሁለት ወር ገደማ ትጠብቃላችሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ስትፈካ ረጅም ቀጭን ምንቃር ያላቸው አበባ ቀሳሚ ወፎች ይመጣሉ። በትውልድ አገሯ ይህን የሚያደርጉት ሌሎች ወፎች ናቸው፤ የኛዎቹ ግን ማር ያለበትን ለማወቅ አስተማሪ አልፈለጉም።

ከ2014 ወዲህ እናቴ አንድ ነገር ለውጣለች። ጉትቻዋን በአንድ ግቢ ብቻ አታስቀምጥም። በየዓመቱ መስከረም ላይ አበባ ያልያዘ ጫፍ በጣት ርዝመት ትቆርጣለች፣ የታችኛውን ቅጠል ታነሣለች፣ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ ትተክላለች። በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ሥር ይይዛል። አንዱ ከመስጊዱ በላይ ላሉት ሐጂ ባለቤት ተሰጥቷል፤ እዚያ ከእኛዋ ይልቅ ወፍራለች። አንዱ ደሴ አክስቴ ጋ ነው።

ዘንድሮ ከተተከሉት አራት ቁርጦች ሦስቱ ይዘዋል። አራተኛው የእህቴ ልጅ ነበር። «ሥር አወጣ ወይ?» እያለ በየጧቱ ሲነቅለው ከረመ። አሁን ሌላ ተሰጥቶታል፤ ፕላስቲኩ ግን እጁ የማይደርስበት ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል። ማታ ማታ አያቱ አውርዳ ታሳየዋለች።