የእምነት ወንድሜ ሲያሸንፍ ለምን ደስ ይለኛል?

በክፍላችን ስለ ስፖርትና ማኅበረሰብ ስንማር አንድ ጥያቄ ተነስቶ ብዙ አከራክሮናል። ለመሆኑ ሰው ስፖርተኛን የሚያደንቀው ለችሎታው ነው ወይስ «ከእኛ ወገን ነው» ብሎ? እኔ የባምባሲ ልጅ ነኝ፤ ሙስሊም ነኝ፤ የማደንቀው ሯጭም ሙክታር እድሪስ ነው። ጓደኞቼ «አንተማ ሙስሊም ስለሆነ ነው» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ነገሩ ግን በዚህ ብቻ አያልቅም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ሙክታርን ለማያውቁት ላስተዋውቅ። በ2004 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ደርሶ ሮጦ ከጨረሰ በኋላ ከመስመር ወጥተሃል ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘበት። በዓመቱ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሞ ፋራህን ባደገበት ከተማ፣ ለንደን ላይ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት ቀደመው። ሰዓቱ 13 ደቂቃ ከ32.79 ሰከንድ ነበር፤ ልዩነታቸው ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ፋራህ ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ማንም ቀድሞት አያውቅም ነበር። መስከረም 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ ሙክታር ሰለሞን ባረጋን አስከትሎ ድሉን ደገመው።

ታዲያ እኔን ከእሱ ጋር ምን ያገናኘኛል? ስለ በቆጂ የሚወራው ከፍታና ብርድ እኛ ጋ የለም። ባምባሲ ሙቀት ነው፤ ልጁም በአብዛኛው የሚያሳድደው ኳስ ነው። በርታው፣ ኦሮሞው፣ በሰባዎቹ ሰፈራ ከወሎ የመጣው አንድ ላይ ይኖርባታል። ሙክታር የሚባል ልጅ ግን በየሰፈሩ አለ። የውድድሩ አስተላላፊ ያንን ስም ሲጠራ፣ የጎረቤት ልጅ የተጠራ ያህል ነው የሚሰማን። ይህ የመጀመሪያው ምክንያት ነው፤ «እንደኔ ያለ ሰውም እዚያ ይደርሳል» የሚል ስሜት።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይከብዳል። ታናሽ ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነው፤ ይሮጣል። ባለፈው ረመዳን አንድ አሠልጣኝ «ወይ ጹም፣ ወይ ሩጥ፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም» አለው። ልጁ ጾሙን መረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ጫማውን አላነሳም። እኔ ደግሞ የስፖርት ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን እንዲህ አየዋለሁ። ጿሚ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ውኃ እንኳን አይቀምስም። ሰውነት ውኃ ሲያጣ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፤ በጉበት ውስጥ የተከማቸው ስኳርም ይቀንሳል። ስለዚህ አደጋው ውሸት አይደለም። መፍትሔው ግን ልጁን ማባረር አይደለም፤ ጠንካራውን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ፣ ቀን ላይ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ብቻ መስጠት፣ በስሑር ላይ በቂ ውኃና ምግብ መውሰድ፣ የጎደለውን እንቅልፍ መካስ ነው። ሃይማኖቱም ቢሆን መንገደኛና በሽተኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ይፈቅዳል። የለንደን ኦሊምፒክ (2004 ዓ.ም.) በረመዳን ውስጥ ስለዋለ ፋራህን ጨምሮ ጾማቸውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩ ነበሩ። በአንጻሩ ከሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የወጣው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ሃኪም ኦላጁዎን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1995 ረመዳንን እየጾመ ተጫውቶ የኤንቢኤ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው፣ ሁለቱም መንገድ አግኝተዋል። ወንድሜ ይህንን የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ዛሬም ይሮጥ ነበር።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ክርክር ልመለስ። እኔ የምደግፈው በሃይማኖት ብቻ ቢሆን ኖሮ የለንደኑ ፍጻሜ ግራ ባጋባኝ ነበር፤ ፋራህም እኮ ሙስሊም ነው፤ ሲያሸንፍ መሬት ላይ ሱጁድ የሚወርድ ሰው ነው! ያን ዕለት ግን ልቤ አላመነታም፤ የጮኽኩት ለአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ ነው። ሙክታር ካሸነፈ በኋላ እጆቹን አናቱ ላይ አድርጎ የፋራህን የታወቀ ምልክት ሲያሳይ፣ እኔ እንደ አክብሮት ነው የወሰድኩት።

ሌላም ምሳሌ አለ። መሠረት ደፋር በዚያው በ2004ቱ ኦሊምፒክ 5,000 ሜትር አሸንፋ የማርያምን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ፊቷ ላይ አስጠግታ ስታለቅስ ዓለም አይቷል። የዶርም ጓደኛዬ ኦርቶዶክስ ነው፤ ያንን ፊልም ባየ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ ምን እንደሚሰማው አላጣሁትም፤ ምክንያቱም እኔም በራሴ በኩል አውቀዋለሁ። የእሱ ደስታ ከእኔ አንዲት ነገር አልቀነሰብኝም፤ መሠረትም የእኔም አሸናፊ ናት።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። የእምነት ወንድምን ማድነቅ በራሱ ወገንተኝነት አይደለም። ወገንተኝነት የሚሆነው የሌላውን ድል ማየት ሲያስጠላን፣ ወይም የእኛ የሆነው ሲያጠፋ ስንሸፍንለት ነው። ነገ አሠልጣኝና መምህር የምንሆን ደግሞ አንድ ነገር እንያዝ፦ የሚጾም ልጅ ሲመጣ፣ የረመዳንም ይሁን የዐቢይ ጾም፣ «ምረጥ» ከማለታችን በፊት የልምምዱን ሰዓት እናስተካክልለት። እኔም ለክረምት ባምባሲ ስገባ ከወንድሜ ጋር ከኢፍጣር በኋላ የሚሠራ ፕሮግራም አብረን ልናወጣ ተነጋግረናል።