ስልኩን የሚይዘው ሰው ይሞክረው

በገበያ ቀን ራያ ውስጥ ጎብዬ ላይ ታች ስልክ ሊገዛ የሚመጣ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም። «ስልክ ያውቃል» የተባለ ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ አብሮት አለ። ስልኩን ከሻጩ እጅ የሚቀበለው ወጣቱ ነው፤ ፎቶ ያነሳበታል፣ ዘፈን ከፍቶ ድምፁን ይሰማል፣ ራሙንና ሜሞሪውን ያያል፣ የባትሪውን መጠን ከካርቶኑ ላይ ያነባል። አባትየው ከጎን ቆሞ ይጠብቃል፤ ወጣቱ «አሪፍ ነው» ሲል ብሩን ይቆጥራል። ስልኩ ለእናት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ እሷ ጭራሽ አትመጣም፤ ተገዝቶ ቤት ይደርስላታል። እንዲህ ያለው ግዢ የሚያመጣው ጣጣ ጥቂት ቆይቶ ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፤ «አይታዘዘኝም»፣ «ራሱ ይደውላል»፣ «ፀሐይ ላይ አይታየኝም» ይባላል። ሲፈተሹ ግን ከእነዚህ ስልኮች አብዛኞቹ የተበላሸ ነገር የላቸውም። ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ታች ስልክ መሞከር ያለበት በሚጠቀምበት ሰው ጣት ነው። በሌላ ሰው ጣት የተሞከረ ስልክ ለገዢው እንዳልተሞከረ ይቆጠራል።

ምክንያቱ ከመስታወቱ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ ለአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪዎች ይሆናል ብሎ በጣት የሚነካ ስክሪን አሠራር በጽሑፍ አቅርቦ ነበር። የዛሬዎቹ ታች ስልኮች የሚሠሩት በዚያው መርሕ ነው፤ ስክሪኑ የሚለካው ግፊትን ሳይሆን ኤሌክትሪክን ነው። ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይለይ ስስ መረብ ተዘርግቷል። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጣት ሲያርፍበት በዚያች ነጥብ ያለው የኤሌክትሪክ ክምችት በጥቂቱ ይለወጣል፤ ስልኩም ያችን ለውጥ እንደ ንክኪ ይቆጥራታል። እርፍ ሲጨብጥ፣ ማሽላ ሲቆርጥ፣ በመስኖ ሽንኩርት ሲኮተኩት ኖሮ ቆዳው የደደረና የደረቀ ጣት የሚሰጠው ምልክት ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ላብና የውሃ ጠብታ ደግሞ ራሳቸው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፉ ያልተነካውን ቦታ የተነካ ያስመስላሉ። በራያ ቆላ ሙቀት ሁለቱም በአንድ ቀን ይገጥማሉ፤ ጠዋት ደረቅና አቧራማ የነበረ እጅ ቀትር ላይ በላብ ይርሳል። የተማሪ ለስላሳ ጣት በሱቅ ጥላ ውስጥ ይህን ሁሉ ሊፈትን አይችልም።

ሙከራው ራሱ ረጅም ጊዜ አይወስድም። ገዢው በለመደው ጣት አንዱን የመተግበሪያ ምልክት ተጭኖ ይያዝ፤ ከዚያ ጣቱን ሳያነሳ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው፣ ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ በዝግታ ይጎትተው። ምልክቱ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እየወደቀ ካስቸገረ፣ ወጣቱም ሲጎትተው እዚያው ላይ ከወደቀ፣ ስክሪኑ እንከን አለበትና ስልኩ ይቀየር። የሚወድቀው ከአባትየው ጣት ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ የመቀበል አቅም ነው፤ ወፍራም ፕሮቴክተር ተለጥፎበት ከሆነ ተነሥቶ እንደገና ይሞከር፣ አንዳንድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ያላቸው የንክኪ ስሜት ማሳደጊያም ይከፈት። ቀጥሎ ቻርጀር ተሰክቶ ያው ነገር ይደገም። ጥራት የሌለው ቻርጀር ወደ ስልኩ የሚያስገባው የኤሌክትሪክ ረብሻ ስክሪኑን ስለሚያሳስተው፣ «ራሱ ይደውላል» የሚባለው ስልክ ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ሲቀየር ይረጋጋል። ከዚያ ከሱቁ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ፀሐይ ላይ መቆም ነው፤ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የደወለ ሰው ስም ካልተነበበ፣ ያ ስልክ ማሳ ላይ አያገለግልም። በመጨረሻም ፊደላቱ በቀጥታ በተደረደሩበት የአማርኛ ኪቦርድ የራሱን ስም ይጻፍ። የእንግሊዝኛው ኪቦርድ 26 ፊደል ሲይዝ የእኛው ከ30 በላይ ይይዛል፤ የእያንዳንዱ ማረፊያ ስለሚጠብ ሰፊ ጣት ጎረቤቱን ፊደል ይነካል። መጻፍ የማይችል ከሆነ የድምፅ መልእክት መቅጃውን ተጭኖ መያዝ ይሞክር።

የሌላ ሰው እጅ የሚያስከትለው ጣጣ በንክኪም አያበቃም። አዲስ ስልክ ሲከፈት የጉግል አካውንት ይጠይቃል፤ ወጣቱ ወይም ሻጩ ለመፍጠን ሲል የራሱን ያስገባል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የአንድሮይድ ስልኮች ስርቆትን ለመከላከል ሲባል የተሠራ መቆለፊያ አላቸው፤ የመክፈቻ ቁጥሩ ተረስቶ ስልኩ በግድ ወደ መጀመሪያ ይዞታው ሲመለስ የቀድሞውን አካውንት ወይም የስክሪኑን ቁጥር ይጠይቃል። ያን ጊዜ ወጣቱ አዲስ አበባ ወይም ሳዑዲ ሄዶ፣ የይለፍ ቃሉም ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ስልክ የራሱ መሆኑን ማስረዳት ያቅተዋል። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልክ የገንዘብ ኪስም ሆኗል፤ የምስጢር ቁጥሩን ከባለቤቱ ሌላ ሰው ካወጣው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ኪሱ ሁለት ባለቤት አለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለዚህ የሚሰጡ መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ታች ስልክ ነክቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያ ቀን መሳሳቱ አይቀርም፤ ሙከራው ምን ይነግራል?» የሚል ነው። እውነት አለው፤ ነገር ግን የልምድ ስሕተትና የስክሪን ስሕተት ይለያሉ። ከባለ በተን ስልክ የመጣ ሰው አጥብቆና አቆይቶ ይጫናል፤ ስልኩም ይህን ረጅም ንክኪ ብሎ ያልተፈለገ ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝር ከወጣ ስክሪኑ ጣቱን አውቆታል ማለት ነው፤ የቀረው ቶሎ ማንሳትን መልመድ ብቻ ነው። ምንም ምላሽ ካልሰጠ ግን ልምምድ አያድነውም። ሁለተኛው የሻጩ ነው፤ «ካርቶኑ ከተቀደደ በኋላ ማን ይገዛኛል?» ይላል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ለሙከራ የሚሆን የዚያው ሞዴል አንድ የተከፈተ ስልክ ማስቀመጥ ይችላል፣ የገዢውንም ካርቶን ብሩ ከመቆጠሩ በፊት በስምምነት መክፈት ይቻላል። ሦስተኛውና ከሁሉም ጠንካራው «ለገበሬ ባለ በተኑ ይበቃዋል» የሚለው ነው። ቀሪ ሒሳብ በ*804# ይታያል፣ ቴሌብርም በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ስለዚህ ለመደወልና ገንዘብ ለመላክ ብቻ ከሆነ እኔም ባለ በተኑን እመርጣለሁ፤ ባትሪውም ይቆያል፣ ሲወድቅም ይችላል። ግን ዓረብ አገር ያለች ልጁን በኢሞ ፊቷን ማየት የሚፈልግ አባት በባለ በተን አያያትም። የትኛው እንደሚያስፈልገው የሚለየውም ያው ሙከራ ነው፤ ሞክሮት «ይቅርብኝ» ቢል ሙከራው ገንዘቡን አዳነለት።

ወጣቱ ከገበያው ይቅር ማለት አይደለም። *#06# ደውሎ የሚወጣውን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ማመሳሰል፣ የተጻፈው ሜሞሪ እውነተኛ መሆኑን ማየት፣ ከውጭ የተላከ ስልክ ከሆነ ለአንድ ኩባንያ ሲም የተቆለፈ አለመሆኑን ሲም አስገብቶ ማረጋገጥ የእሱ ሥራ ነው፤ አባትየው ይህን ሊያደርገው አይጠበቅበትም። የጣቱን፣ የዓይኑንና የምስጢር ቁጥሩን ጉዳይ ግን ማንም አይተካለትም። ሻጭም ከዋጋና ከራም በፊት «ማን ነው የሚይዘው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱም እዚህ ያልመጣ ሰው ከሆነ «በሚቀጥለው ገበያ ይዘኸው ና» ቢል፣ ዛሬ አንድ ስልክ ሳይሸጥ ሊውል ይችላል፤ በምትኩ ተመልሶ የሚመጣበት ስልክና የሚያማው ደንበኛ ይቀንስለታል።