ላሚኔት ስናነጥፍ የአያትን እግር እናስብ

ቤት ሲታደስ ስለ ወለሉ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የቀለሙ ነው፤ ቀጥሎ የዋጋው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ስለሆንኩ እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ወለል ላይ ሌሊት ተነስቶ ወደ ሽንት ቤት የሚሄደው ማነው?

በድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ወድቀው ከሚመጡልን አረጋውያን ብዙዎቹ የወደቁት በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነበር። አንዱን የበር ደፍ አደናቅፎት፣ ሌላዋን የምንጣፍ ጫፍ ጠልፏት፣ ሌላውን በሰም የተወለወለ ወለል አንሸራቶት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከሁሉም የበለጠ የሚጎዱት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። በዚህ ዕድሜ ዳሌ ከተሰበረ አልጋ ላይ መዋል ይከተላል፤ ከዚያም የአልጋ ቁስልና የሳንባ ምች ሊመጣ ይችላል።

ባለፈው በጋ ሳሎናችንን፣ ኮሪደሩንና ሁለቱን መኝታ ቤቶች ላሚኔት ለማልበስ ስንነሳ የማስበው ይህንኑ ነበር። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ 86 ዓመታቸው ነው፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሌሊት ደግፈን እንውሰድዎ ስንላቸው «እግር እያለኝ ሰው አልቀሰቅስም» ይላሉ። ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃችን ደግሞ ቤቱን በሙሉ እየዳኸች ታዳርሰዋለች። ወለሉ ለሁለቱም የሚመች መሆን ነበረበት።

ችግሩ በሩ ላይ ነው

አንድ ክፍል ብቻ ማንጠፍ ብዙ አያስቸግርም። ክፍሎች ሲያያዙ ግን ፈተናው በሩ ላይ ይመጣል። የእኛ ሳሎንና ኮሪደር ሴራሚክ ነበሩ፤ መኝታ ቤቶቹ ሊሾ። ሊሾው ከሴራሚኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እግሩን እያነሳ ለሚራመድ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እግሩን እየጎተተ ለሚሄድ አረጋዊ ግን ደረጃ ነው፤ ሌሊት ደግሞ የማይታይ ደረጃ።

ሥራውን የያዘው ወጣት «ማዘር፣ በሩ ላይ ማያያዣ እንመታበታለን፤ ልዩነቱ አይታይም» አለኝ። «ልጄ፣ ለዓይንማ አይታይም፤ እግር ግን ያገኘዋል» አልኩት። ከተነጋገርን በኋላ የመኝታ ቤቶቹን ሊሾ በማስተካከያ ሲሚንቶ ከፍ አድርጎ ከሴራሚኩ ጋር እኩል አደረገው። ወጪ ጨምሮብናል፤ ሲሚንቶው በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅም ነበረብን። ባለቤቴ «ለአንድ ሴንቲ ሜትር ይህን ያህል?» ብሎ ነበር። የአንድ ስብራት ሕክምና ከዚያ ስንት እጥፍ እንደሚያስወጣ ስነግረው ተስማማ።

እኩል ሲባል በዓይን ግምት አይደለም። ከሥር ያለው ወለል በ2 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መበላለጥ የለበትም። ባለሙያው ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ አስተኝቶ ያሳያችሁ። ከሥሩ ጎድጓዳ ካለ ላሚኔቱ ሲረገጥ ይረግባል፤ ቁልፉ እየላላ ይሄድና ጠርዙ ይነሳል።

ለክረምትና ለበጋ ቦታ ይተዉለት

ላሚኔት የተፈጨ እንጨት ታምቆ የሚሠራ ነው። በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ እሽጉ በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ 48 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። በሲሚንቶ ወለል ላይ መጀመሪያ እርጥበት የሚከለክል ፕላስቲክ፣ በላዩ ስስ ፎም ይደረጋል። በግድግዳው ዙሪያና በበሩ መቃን አጠገብ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ የግድግዳውን ክፍተት ዘኮሎ ይሸፍነዋል። ስትገዙ ከለካችሁት ካሬ ላይ 10 በመቶ ያህል ጨምሩ፤ የተረፈው ለወደፊት ጥገና ይቀመጣል።

ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ሳይቋረጥ የሚሄድ ወለል ያምራል፤ ለእግርም ይመቻል። ሆኖም አብዛኞቹ አምራቾች በክፍሎቹ መገናኛ በር ላይ፣ እንዲሁም ርዝመቱ ከ8 ወይም ከ10 ሜትር ሲያልፍ፣ ወለሉ እንዲቋረጥ ያዛሉ። ካልተቋረጠ የሚያብጠው እንጨት መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ሊጎብጥ ይችላል። እኛ ያቋረጥነው ልክ የተዘጋ በር ከሚያርፍበት መስመር ሥር ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ የመረጥነው ማያያዣ ስስና ጠፍጣፋ ነው።

ሽንት ቤቱና ኩሽናው ውሃ ስለማያጣቸው ሴራሚካቸውን አልነካንም። 8 ሚሊ ሜትር ላሚኔትና 2 ሚሊ ሜትር ፎም ሲደመሩ ግን ኮሪደሩ ከእነዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። እዚያ ያስገጠምነው በአንድ ጎኑ ተዳፋት ያለው ማያያዣ ነው። ቀለሙንም ከወለሉ የተለየ አደረግነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ጠርዙ የት እንደሆነ እንዲያይ።

ቆረጣው ከቤት ውጭ ይሁን። አቧራው ለሕፃንም ሆነ ለአስም ሕመምተኛ አይበጅም። እሽጉ ላይ «ኢ1» የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ከሙጫው የሚወጣው ጋዝ መጠኑ የተገደበ መሆኑን ያሳያል። ከተነጠፈ በኋላም ለጥቂት ቀናት መስኮት ክፈቱ።

ከተነጠፈ በኋላ

ላሚኔት ሰም አይቀባም። ሰም ወለሉን በረዶ ያደርገዋል። በባልዲ ውሃ ማጠብም የለም፤ በደንብ በተጨመቀ መወልወያ ይበቃል። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ተከፍቶ የቀረ ቧንቧ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ወለሉን በአንድ አዳር ያሳብጠዋል።

ቡናችንን አንተውም። ግን የከሰል ምድጃው ከሥሩ ሰፋ ያለ ትሪ ይኑረው፤ ፍም ከወደቀ የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። እርጥብ ቄጠማም በላሚኔት ላይ ያንሸራትታል፤ ውሃውም በመጋጠሚያዎቹ ይገባል። በሰሌን ላይ ጎዝጉዙት፤ እንግዳ ሲሄድ አንሱት። አረጋውያን በካልሲ ብቻ አይራመዱ፤ ሶሉ የሚይዝ፣ ተረከዙ የተዘጋ የቤት ጫማ ግዙላቸው። ኮሪደሩ ላይም ሌሊቱን የምታበራ ትንሽ አምፖል ትኑር።

ለባለሙያው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ጫማችሁን አውልቁ። ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት እግራችሁን ሳታነሱ፣ እየጎተታችሁ ሂዱ። በሮቹንም አንድ በአንድ ክፈቱና ዝጉ፤ ወለሉ ከፍ ስላለ ከሥራቸው መላግ ያለባቸው ይኖራሉ። ጣታችሁ የነካው ጠርዝ ካለ፣ ባለሙያው ዕቃውን ሳይሰበስብ እዚያው ይስተካከል።