ፍሬኑን ከመፍታታችን በፊት

ሰው መኪና ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት፥ ቀጥሎም ስለ ቀለሙና ስለ መቀመጫው ነው። ስለ ፍሬኑ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሞተሩ እምቢ ያለ መኪና ባለቤቱን ከመንገድ ዳር ቢያስቀረው ነው፤ ፍሬኑ እምቢ ያለ መኪና ግን ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ምንም የማያውቀውን እግረኛ ጭምር ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣን፥ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የያዙ ወጣቶች ያረጀ መኪና እየገዙ በእሑድ ቀን እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ሲጠግኑ ማየታችን ነው። ልማዱ የሚያስመሰግን ነው፤ ገንዘብ ያተርፋል፥ እጅን ያስተምራል፥ የቢሮ ሰው መፍቻ አይዝም የሚለውንም አሮጌ አስተሳሰብ ይሽራል። ይሁን እንጂ ፍሬን እንደ ዝናብ መጥረጊያ «እስቲ ልሞክረው» የሚባል ነገር አይደለም። ስለዚህ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባውን በጥቂቱ እናቀርባለን።

በእኛ አነጋገር «ፍሬን ተበጠሰ» ይባላል። ይህን የሰማ ሰው አንድ ገመድ የተቆረጠ ይመስለዋል። የእጅ ፍሬን በብዙ መኪና ላይ በእርግጥ በገመድ የሚሠራ ነው፤ የእግር ፍሬን ግን በዘይት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ግፊቱን በየአቅጣጫው እኩል ያደርሳል። ይህ ሕግ በመኪና ላይ ውሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1921 ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪና በአራቱም ጎማዎች የዘይት ፍሬን ይዞ ወጣ። እግራችን ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር የሚባለው ክፍል ዘይቱን በቧንቧ ወደ ጎማዎቹ ይሰዳል፤ ዘይቱም ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋራ ያጣብቀዋል። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ግፊቱ ነው። ግፊቱም የሚጠፋው ዘይቱ ሲፈስ፥ አየር ሲገባበት፥ ወይም በማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው በሽታውን ከፔዳሉ ጠባይ ሊለየው ይችላል። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ፔዳሉን እንርገጥ። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስና በተደጋጋሚ ሲረገጥ ከፍ እያለ የሚመጣ እንደ ሆነ፥ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፥ አየር ግን ይጨመቃልና። በሁለተኛው ርግጫ ወዲያው ከፍ ብሎ ጠንካራ ሆኖ የሚቆም ከሆነ፥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ መራቁ ነው፤ መፍትሔውም ማስተካከል ነው። እግራችንን ሳናነሣ ብንጫነው ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ግን አንድም ዘይት ይፈስሳል፥ አንድም የማስተሩ ጎሚኒ አልቋል። የዘይቱ መጠን ሳይጎድል ፔዳሉ የሚሰምጥ ሲሆን ማስተሩን መጠርጠር ነው።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ የደረቀ እንደ ሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሚታማው ከሞተሩ በሚገኝ የአየር ባዶነት እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ ነው። ሞተሩን አጥፍተን ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ እንረግጣለን፤ ከዚያም እግራችንን ጭነን ሞተሩን እናስነሣለን። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ደኅና ነው፤ ካልተነቃነቀ ሰርቮው ወይም የአየር ቱቦው ታሟል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2 ሺህ 400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የቤንዚን መኪና ሰርቮ እርዳታው እዚህ ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ ሾፌር «ፍሬኑ ደረቀብኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ጆሮም ይመረምራል። ቀጭን የሲጢጥታ ድምፅ ሸራው ሊያልቅ መቃረቡን ያስጠነቅቃል፤ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ግን ሸራው ማለቁን ይመሰክራል። ፍሬን ስንይዝ መኪናው ወደ ቀኝ የሚስብ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ደካማው የግራው ነው፤ ሸራው ዘይት ነክቶት ወይም የሚገፋው ክፍል ዝጎ ተጣብቆ ይሆናል። ጥቂት ተነድቶ ሲቆም አንደኛው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ እንደ ያዘ ቀርቷል።

ብዙ ወጣቶችን የሚያደክመው ግን ከጥገና በኋላ የሚመጣው ጥፋት ነው። አንድ ወዳጃችን የአሮጌ ኮሮላውን ሁለት የፊት ካሊፐሮች በራሱ እጅ ለወጠ። አየሩን ለማስወጣት ከታናሽ ወንድሙ ጋራ ጧት የጀመረው ሥራ እስከ ማታ አላለቀም፤ ሁለት ጠርሙስ ዘይት ፈሰሰ፥ ፔዳሉ ግን እንደ ለሰለሰ ነው። ማስተር ሊገዛ ሲነሣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፥ አየር የሚሄደው ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» ብለው ጠየቁት። «ወደ ላይ ነው እንጂ፥ ጋሼ።» «ታዲያ ማስወጫውን ለምን ወደ ታች አዞርከው?» የቀኙን ካሊፐር በግራ፥ የግራውን በቀኝ ገጥሞት ኖሯል። ማስወጫዋ ቡሎን ከታች ስትሆን አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ዘይት ቢፈስ ቢውል አይወጣም። ካሊፐሮቹን አቀያይሮ በግማሽ ሰዓት ጨረሰ። ሳይመረምሩ ዕቃ መግዛት ኪስን ያራቁታል እንጂ መኪናን አያድንም።

አየር ስናስወጣ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ፔዳሉ በአሮጌ ማስተር ላይ እስከ ወለሉ ድረስ ሲረገጥ ጎሚኒው ዝገት ወዳለበት ስፍራ ገብቶ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማድረግ ይበጃል። የዘይቱ ዕቃም ባዶ እንዳይሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ምትክ ፈጽሞ አይጨመርም፤ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

የፍሬን ዘይት ሌላ ጠባይም አለው፤ ይኸውም ከአየር ላይ እርጥበት መጠጣቱ ነው። ዶት 4 የተባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይህ ልክ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ይህ በአባይ በረሃ ምን ትርጉም እንዳለው እናስላ። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1 ሺህ ሜትር ይበልጣል። 1 ሺህ 200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር በፍሬን ብቻ ቢወርድ፥ የሚወጣው ሙቀት 35 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ያን ጊዜ ያረጀው ዘይት ይፈላል፤ እንፋሎቱም እንደ አየር ይጨመቃል፤ ፔዳሉም ባዶውን ይወርዳል። «ፍሬን ተበጠሰ» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው። መድኃኒቱም ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያህል መለወጥና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ነው።

ስለ ሠሪው ደኅንነት ደግሞ ሁለት ቃል እንጨምር። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት በሕይወት መቀለድ ነው፤ ጠንካራ መደገፊያ ይግባ፥ መሬት ላይ ለቀሩት ጎማዎችም ድንጋይ ይደረግ። የታምቡሩን አቧራ በአፍ እፍ ማለትም አይገባም፤ የቀድሞ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፥ አስቤስቶስም የካንሰር መንሥኤ ነው። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተር አስነሥቶ መንዳት የለም። ሸራ ከተለወጠ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ እስከ ወለሉ ሊወርድ ስለሚችል፥ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መርገጥ ግዴታ ነው። ከዚያም በደልዳላ ሜዳ በእግረኛ ፍጥነት ይሞከር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፔዳሉ አሁንም የሚሰምጥ ወይም የሚለሰልስ ከሆነ ቁልፉን ኪስ ከትቶ መካኒክ እዚያው ድረስ መጥራት ነው፤ «እስከ ጋራዡ ቀስ ብዬ ልንዳው» ማለት አይገባም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ለሰኞ ጧት ሥራ ለመድረስ ሲባል እሑድ ማታ በጥድፊያ የተገጠመ ፍሬን የሚፈታበትን ስፍራ ማንም አስቀድሞ አያውቀውም።