ዋይፋይ የማያስገቡ ሰዎች

አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ሙዚቃና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ለሩቅ አገር የሚሳፈር ሰው ሜሞሪ ካርዱን ከስልኩ አውልቆ ይሰጣል፤ ባለሱቁ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካና መዝሙር፣ የባህል ዘፈን፣ የህንድ ትርጉም ፊልም እያለ ያማርጠዋል። ዋጋው ተከፍሎ ካርዱ ከተመለሰ በኋላ መንገዱን ሙሉ ዳታ አይበላም።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከገባበት ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው የለመደው መጀመሪያ ኢንተርኔት ቤት፣ ኋላም በሞባይል ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ኢትዮ ቴሌኮም ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ሲኖሩት፣ መደበኛ ብሮድባንድ ያስገቡት ግን አንድ ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የፒው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ከአዋቂዎች 15 በመቶው ስማርት ስልክ ይዘው የቤት ብሮድባንድ የሌላቸው ናቸው።

ሰው ቤቱ መስመር የማያስገባበትን ምክንያት ገንዘብ ማጣት ብቻውን አይገልጸውም። ጫኝና አውራጁ፣ ሊስትሮው፣ የአውቶቡስ ረዳቱ የሚያገኙት በየቀኑ ነው። ሲቀናቸው የቀን ፓኬጅ ይገዛሉ፤ ካልቀናቸው ይተዋሉ። የወር ሂሳብ ግን ሥራ ቀዘቀዘ ብሎ አይታገስም። ቤቱም አለ፦ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ተወርሰው የቀበሌ የሆኑት ጠባብ ክፍሎች፣ ከአከራይ ጋር የሚጋሩት ግቢ፣ ዛሬ ነገ ይፈርሳል የሚባለው ሰፈር። እንዲህ ባለ ቤት መስመር አለመዘርጋት፣ በእኔ ዓይን፣ ጥሩ ሂሳብ ነው።

አቅሙ እያላቸው እምቢ የሚሉም አሉ። የመርካቶ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ በቴሌግራም ሲያዝ፣ በቴሌብር ሲቀበል ይውላል፤ ማታ ቤቱ የሚፈልገው ራቱንና ዜናውን ነው። ልጆቹ ትምህርታቸውን ይተዋሉ ብሎ የሚሰጋ ወላጅም አለ። የጎረቤት ነገርም አይረሳም፤ ዋይፋይ የገባበት ግቢ ፓስወርድ የማይጠየቅበት ቀን የለም፣ መከልከል ደግሞ ያስቀይማል።

ምርጫው ዋጋ ያስከፈለበት ጊዜም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ፣ እንደ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች መደበኛ መስመር ያለው ሰው መሥራቱን ቀጠለ፤ በፓኬጅ ብቻ ሲኖር የነበረው ግን መልእክቱን ለመላክ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ሄዶ ቡና ማዘዝ ነበረበት።